ታስክባርን ማዛወርና እንደሚመች ማስተካከል፦ ለዊንዶውስ 10 እና 11

ስለ ታስክባር፣ ማለትም ስታርት፣ የፕሮግራሞች አይከንና ሰዓት ስላሉበት የስክሪን ጠርዝ መስመር፣ ደጋግመው የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ታስክባሩ በድንገት ወደ ስክሪኑ ጎን ሄደብኝ፣ እንዴት ልመልሰው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ «ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ላዛውረው ፈልጌ ዊንዶውስ 11 እምቢ አለኝ።» መልሱ የሚለየው በዊንዶውሱ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ለዊንዶውስ 10 የተጻፈ መመሪያ ይዞ ዊንዶውስ 11 ላይ የሌለ ሜኑ ሲፈልግ ነው። ስለዚህ ከታች ማዛወሩን ለሁለቱ ለየብቻ፣ ሌላውን ማስተካከያ በአንድ ላይ እናሳያለን።

የሜኑዎቹን ስም የጻፍነው ዊንዶውሱ በእንግሊዝኛ ሲሆን በሚነበቡበት አጠራር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚያዩትን ከዚህ ጋር እያመሳከሩ ይሂዱ።

የሚያስፈልግዎ

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ኮምፒውተር።
- ማውስ። በታችፓድም ይሠራል፤ ግን ታስክባር ሲጎትቱ ጣት መሃል ላይ ስለሚነሳ ባላሰቡት ጎን ሊለጠፍ ይችላል።
- አሁን ያለው አቀማመጥ ፎቶ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና ኤስን አንድ ላይ ተጭነው ታስክባሩን ያንሱና ሴቭ ያድርጉት። የአይከኖቹ ቅደም ተከተል ከተበላሸ የሚመልስ ቁልፍ የለም፤ ፎቶው ብቻ ነው የሚያስታውስዎ።

የአድሚን ፓስወርድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በደረጃ 4 የምናነሳቸውን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከጫኑ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ዊንዶውስ እንዳለዎ ይወቁ

የዊንዶውስ ቁልፍንና «አይ» (I) የሚለውን ፊደል ተጭነው ሴቲንግስን ይክፈቱ፤ «ሲስተም» ከዚያ «አባውት» ይግቡ። «ዊንዶውስ ስፔሲፊኬሽንስ» ከሚለው ሥር «ኤዲሽን» ዊንዶውስ 10 ወይም 11 መሆኑን ይነግርዎታል፤ «ቨርዥን» ደግሞ እንደ 22ኤች2 ያለ ቁጥር ያሳያል። ሁለቱንም ይያዙ። በተለይ ዊንዶውስ 11 ላይ አንድ አማራጭ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የቨርዥኑ ቁጥር ነው።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ ወደ ደረጃ 2፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ማዛወር

1. ታስክባሩ ላይ ምንም አይከን የሌለበትን ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ ያድርጉና ከታች «ታስክባር ሴቲንግስ» የሚለውን ይምረጡ። አይከን ላይ ራይት ክሊክ ካደረጉ የሚከፈተው የዚያ ፕሮግራም ሜኑ ስለሆነ የሚፈልጉትን አያገኙም።
2. በሚከፈተው ገጽ ላይ ዝቅ ብለው «ታስክባር ሎኬሽን ኦን ስክሪን» የሚለውን ያግኙ። «ሌፍት» ግራ፣ «ቶፕ» ላይ፣ «ራይት» ቀኝ፣ «ቦተም» ታች ነው። አንዱን ሲመርጡ ታስክባሩ ወዲያው ይዛወራል፤ ሴቭ የሚባል ቁልፍ የለም።
3. በማውስ መጎተት ከመረጡ መጀመሪያ እዚያው ገጽ ላይ ያለውን «ሎክ ዘ ታስክባር» ያጥፉ። ከዚያ ባዶ ቦታውን በግራ ቁልፍ ጨብጠው ሳይለቁ ጠቋሚውን እስከ ስክሪኑ ጠርዝ ድረስ ይውሰዱና እዚያ ሲደርሱ ይልቀቁ። መሃል ላይ ከለቀቁ ባላሰቡት ጎን ሊለጠፍ ይችላል።
4. ውፍረቱን ለመቀየር ጠቋሚውን የታስክባሩ ጠርዝ ላይ ያድርጉ። ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ሲሆን ይጎትቱ። እስከ ስክሪኑ እኩሌታ ድረስ ሊያድግ ይችላል፤ «ታስክባሬ ግማሹን ስክሪን ዋጠብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ጠርዝ ሳያውቅ ጎትቶት ነው፤ መልሶ ወደ ጠርዙ መግፋት ይበቃል።
5. ሲጨርሱ «ሎክ ዘ ታስክባር»ን መልሰው ያብሩ።

አምስተኛውን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በመግቢያው የጠቀስነው የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው ግን ከዚሁ ነው። ያልተቆለፈ ታስክባር ላይ ባዶ ቦታ ጨብጦ እጅ ትንሽ ከተንሸራተተ ታስክባሩ ሌላ ጎን ይለጠፋል። ሁለት ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ መቆለፍ ግድ ነው።

የቱን ጎን ይምረጡ? ስፋቱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክሰል በሆነ ስክሪን ላይ የዊንዶውስ 10 ታስክባር በተለመደው መጠኑ ከቁመቱ 40 ፒክሰል ይወስዳል። ሰነድ፣ ኮድ ወይም ረጅም ገጽ የሚያነብ ሰው የሚያጥረው ቁመት እንጂ ወርድ ስላልሆነ ግራ ወይም ቀኝ ማድረግ ያዋጣዋል። ሰፋፊ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ግን ወርዱን ይፈልጋል፤ እሱ ከታች ይተወው። ወደ ጎን ሲያዞሩት የመስኮቶቹ ስም የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ስለሚሆን ስም ማንበብ የለመዱ ከሆነ ታስክባሩን ማስፋት ግድ ይላል፤ ያኔ ያተረፉትን ቦታ መልሰው ያጡታል። ጎን ላይ የሚያስቀምጡት አይከን ብቻ የሚበቃዎ ከሆነ ነው።

«ዩዝ ስሞል ታስክባር በተንስ» የሚለውን ካበሩ ውፍረቱ ከ40 ወደ 30 ፒክሰል ይወርዳል። ዋጋው ሁለት ነው፦ ከሰዓቱ ሥር የሚታየው ቀን ይጠፋል፤ ያልተነበበ መልእክት ብዛት የሚያሳየው አይከኑ ላይ ያለ ቁጥርም አይታይም። በመልእክት ብዛት ሥራዎን የሚከታተሉ ከሆነ አይንኩት።

ደረጃ 3፦ ዊንዶውስ 11 ላይ የሚቻለው

ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ታስክባሩ እንደ አዲስ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ በዚያው ጊዜ ወደ ላይና ወደ ጎን የማዛወር አማራጩ ቀረ። የሚቻለውና የማይቻለው ይህ ነው።

1. ባዶ ቦታውን ራይት ክሊክ አድርገው «ታስክባር ሴቲንግስ» ይግቡ፤ ዝቅ ብለው «ታስክባር ቢሄቪየርስ» የሚለውን ይክፈቱ። የቦታ ጉዳይ ያለው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ስክሪንዎ ላይ ጎን የሚያስመርጥ መስመር እዚህ ካላዩ ያለዎት ቨርዥን አይፈቅድም፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።
2. «ታስክባር አላይንመንት» የሚለውን «ሌፍት» ያድርጉት። ይህ ታስክባሩን አያዛውረውም፤ ስታርትንና አይከኖቹን ከመሃል ወደ ግራ ይወስዳል። ጥቅሙ ከመልክ በላይ ነው። አይከኖቹ መሃል ሲሆኑ አንድ ፕሮግራም በከፈቱ ቁጥር ሁሉም ትንሽ ወደ ግራ ስለሚገፉ የስታርት ቦታ ይለዋወጣል። ግራ ሲሆን ግን ጥጉ ላይ ይጸናል፤ እጅዎ ሳያዩ ያገኘዋል።
3. «ኮምባይን ታስክባር በተንስ ኤንድ ሃይድ ሌብልስ» የሚለውን ያግኙ። «ኦልዌይስ» የአንድ ፕሮግራም መስኮቶችን በአንድ አይከን ይሰበስባል፣ «ዌን ታስክባር ኢዝ ፉል» ቦታ ሲያልቅ ብቻ ይሰበስባል፣ «ኔቨር» እያንዳንዱን በስሙ ለብቻ ያሳያል። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ይህ አልነበረም፤ በ2023 መገባደጃ በመጡት ማሻሻያዎች ነው የተመለሰው። ከሌለዎት ዊንዶውስ አፕዴትን ያስኬዱ። ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው «ዌን ታስክባር ኢዝ ፉል» የሚለውን ነው፦ ጥቂት መስኮት ሲኖር ስሙን ያነባሉ፣ ሲበዛ ራሱ ይሰበስባል።
4. እዚያው ገጽ ላይ «ሾው ስሞለር ታስክባር በተንስ» የሚል ካለ አይከኖቹን ያሳንሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ታስክባሩን ወደ ላይ ለማውጣት ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቋት) ውስጥ አንድ ቁጥር ቀይሩ የሚል ምክር አሁንም ይዞራል። ያ ዘዴ የመጀመሪያው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ላይ ይሠራ ነበር፤ ከ22ኤች2 ወዲህ አይሠራም። ሬጂስትሪ ውስጥ የተሳሳተ ቦታ መንካት ደግሞ ታስክባሩን ብቻ ሳይሆን ዊንዶውሱን ሊያበላሽ ስለሚችል አይሞክሩት።

ደረጃ 4፦ ዊንዶውስ 11 ላይ የግድ ማዛወር ከፈለጉ

የሚቀረው መንገድ በሌሎች አምራቾች የተሠራ ፕሮግራም ነው። የታወቁት ኤክስፕሎረርፓቸር እና ዊንድሆክ (ነጻ ናቸው)፣ ስታርትኦልባክ እና ስታርት11 (የሚገዙ ናቸው) ናቸው። ሁሉም የዊንዶውሱን የራሱን ታስክባር አሠራር እየጠመዘዙ የሚሠሩ ስለሆኑ ዊንዶውሱ ራሱን ባሻሻለ ቁጥር ሊሰናከሉ ይችላሉ። ከገቡበት በዚህ ቅደም ተከተል ያድርጉ፦

1. መጀመሪያ ሪስቶር ፖይንት (ችግር ከመጣ ዊንዶውሱን ወደነበረበት ለመመለስ የሚያስችል ነጥብ) ይፍጠሩ። ስታርት ውስጥ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብለው ሲፈልጉ ይመጣል። የሲስተሙ ድራይቭ አጠገብ «ኦፍ» የሚል ከሆነ በ«ኮንፊገር» ያብሩት፤ ካልበራ ሪስቶር ፖይንት አይፈጠርም።
2. ፕሮግራሙን ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ። አንዳንዶቹን ጸረ-ቫይረስ እንደ ስጋት ይቆጥራቸዋል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ጸረ-ቫይረሱን አጥፍቶ መቀጠል ቀላል ይመስላል፤ ግን ያወረዱት እውነተኛው መሆኑን ካላረጋገጡ በዚያች ደቂቃ በሩን ከፍተው ነው የሰጡት።
3. ከአንድ በላይ አይጫኑ። ሁለቱ በአንድ ታስክባር ላይ ሲጋጩ ታስክባሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠፋል።
4. የዊንዶውሱን ቨርዥን የሚቀይር ትልቅ ማሻሻያ ከመጫንዎ በፊት ፕሮግራሙን ያጥፉ፤ አዲሱን ቨርዥን የሚደግፍ እትም ሲወጣ መልሰው ይጫኑት።

ይህን ረስተው ስክሪኑ ካስቸገረዎ ከመግቢያው ስክሪን ላይ ሺፍትን ይዘው «ሪስታርት» ይጫኑ፤ ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት» ብለው ሲነሳ 4 ቁጥርን ይምረጡ። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ይከፈታል፤ ፕሮግራሙን ከዚያ ያጥፉት። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ በመሃል የሪከቨሪ ቁልፉን ሊጠይቅ ስለሚችል ቁልፉ የት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህን ደረጃ እንዳለ ይዝለሉት።

ደረጃ 5፦ አይከኖቹን በቅደም ተከተል ማድረግ

ቦታው ከተወሰነ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ይህን አይጀምሩ፤ ምን ያህል አይከን እንደሚይዝ የሚታወቀው ቦታው ሲጸና ነው።

1. ፕሮግራሙን መጀመሪያ ይክፈቱት። ታስክባሩ ላይ ሲታይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፒን ቱ ታስክባር» ይበሉ፤ ፕሮግራሙ ቢዘጋም አይከኑ ታስክባሩ ላይ ይቆያል። ከዴስክቶፕ ሾርትከት ፒን ካደረጉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ሁለተኛ አይከን ይፈጥራሉ፤ ምክንያቱም ሾርትከቱ የሚጠራው አስጀማሪውን ፋይል እንጂ የሚሠራውን ፕሮግራም አይደለም።
2. አይከኖቹን ጎትተው በአጠቃቀምዎ ብዛት ያሰልፉ። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው 1ን ሲጫኑ የመጀመሪያው፣ 2ን ሲጫኑ ሁለተኛው ይከፈታል፤ 0 አሥረኛው ነው። ቅደም ተከተሉ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ከ10 በላይ ፒን ማድረግ የሚበረታታ አይደለም፤ ከአሥረኛው በኋላ ያሉት የቁጥር ቁልፍ የላቸውም።
3. የማይጠቀሙበትን ራይት ክሊክ አድርገው «አንፒን ፍሮም ታስክባር» ይበሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም።
4. አዘውትረው የሚከፍቱትን ፎልደር ለማስቀመጥ የፋይል ኤክስፕሎረርን አይከን ራይት ክሊክ ያድርጉ፤ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ከፎልደሩ ስም ጎን ያለችውን የመርፌ ምልክት ይጫኑ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ዝርዝሩ አናት ላይ ይቆያል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሰርች፣ ታስክ ቪው እና ዊጄትስ በራሳቸው ቦታ ይይዛሉ። «ታስክባር ሴቲንግስ» ውስጥ አናት ላይ ያጥፏቸው፤ ሰርችን «ሃይድ» ቢሉትም ስታርትን ከፍተው መጻፍ ሲጀምሩ መፈለጉ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ የሚጎድልብዎ ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱ አካባቢ ያሉት ትንንሽ አይከኖች

ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴሌክት ዊች አይከንስ አፒር ኦን ዘ ታስክባር»፣ ዊንዶውስ 11 ላይ «ኦዘር ሲስተም ትሬይ አይከንስ» የሚለውን ይክፈቱ። መለኪያው አንድ ነው፦ ችግር ሲኖር የሚያሳውቅዎ አይከን ይታይ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይደበቅ። ጸረ-ቫይረስ፣ ፋይል ባካፕ የሚያደርግ ፕሮግራምና ፍላሽ በደህና ማውጫው ቢታዩ ይሻላል። የተደበቀው አይጠፋም፤ ወደ ላይ የምታመለክተውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ ያገኙታል።

ደረጃ 7፦ ቀለም

«ፐርሰናላይዜሽን» ውስጥ «ከለርስ» ይግቡና «ሾው አክሰንት ከለር ኦን ስታርት ኤንድ ታስክባር» የሚለውን ያብሩ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ስታርት፣ ታስክባር፣ ኤንድ አክሽን ሴንተር» ይላል። ፈዝዞ አልነካ ካለ ዊንዶውሱ «ላይት» ሞድ ላይ ነው፤ ታስክባሩ ቀለም የሚቀበለው በ«ዳርክ» ብቻ ነው። ፕሮግራሞቹ ነጭ ሆነው ታስክባሩ ብቻ እንዲቀለም ከፈለጉ «ከስተም» ይምረጡና የዊንዶውሱን ሞድ «ዳርክ»፣ የአፖቹን «ላይት» ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ መደበቅና ሁለት ስክሪን

«አውቶማቲካሊ ሃይድ ዘ ታስክባር» ሲበራ ታስክባሩ ይጠፋና ጠቋሚው ጠርዙን ሲነካ ብቅ ይላል። ለትንሽ ላፕቶፕ ስክሪን ጥሩ ነው። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ላለው ሰው አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ታስክባሩን ሁለቱ ስክሪኖች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አድርገው ከደበቁት ጠቋሚው ጠርዙ ላይ ሳይቆም ወደ ሌላው ስክሪን ያልፋል፤ ታስክባሩን ማውጣት ፈተና ይሆናል። በውጭኛው ጠርዝ ያድርጉት።

ሁለቱም ስክሪን ላይ እንዲታይ «ሾው ማይ ታስክባር ኦን ኦል ዲስፕሌይስ» የሚለውን ያብሩ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ማይ» የሚለው ቃል የለበትም። ከሥሩ ባለው ምርጫ መስኮቱ ያለበት ስክሪን ላይ ብቻ አይከኑ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ መስኮት ለሚከፍት ሰው ይህ ግራ መጋባቱን ይቀንሳል። ዋናው ታስክባር በየትኛው ስክሪን ይሁን የሚለውን ግን እዚህ አያገኙትም፤ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ» ገብተው ስክሪኑን መርጠው «ሜክ ዚስ ማይ ሜይን ዲስፕሌይ» ይበሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

*ስጎትት ታስክባሩ ሳይሆን አይከን ይንቀሳቀሳል።* ባዶ ቦታ አልያዙም። መስኮት በዝቶ ባዶ ቦታ ከጠፋ ጥቂቶቹን ይዝጉ፣ ወይም በደረጃ 2 ሁለተኛው ነጥብ ባለው ሜኑ ያዛውሩ።

*መደበቅ አብርቼ አልደበቅ አለ።* አንድ ፕሮግራም ትኩረትዎን እየጠራ ነው፤ ቀለሙ የተለየውን አይከን ከፍተው ይዩት። አይከኑ ካልታየ ወደ ላይ በምታመለክተው ቀስት ውስጥ ያሉትን ያረጋግጡ።

*ታስክባሩ ጨርሶ የለም።* የዊንዶውስ ቁልፍን ይጫኑ፤ ብቅ ካለ ተደብቆ ነው። ካልመጣ የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ» (P) የሚለውን ፊደል ተጭነው «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ» ይምረጡ፤ ከነቀሉት ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

*አይከኑ ነጭ ወረቀት መሰለ።* ፕሮግራሙ ተዛውሯል ወይም ጠፍቷል። አንፒን አድርገው እንደ አዲስ ፒን ያድርጉት።

*አማራጮቹ ፈዝዘው አይነኩም።* ገጹ አናት ላይ በድርጅት እንደሚተዳደር የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ የዘጋው የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ነው፤ የሚከፍተውም የአይቲ ክፍሉ ብቻ ነው።

*ሁሉም ልክ ሆኖ ታስክባሩ ደርቆ ቀረ።* ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገው «ሪስታርት» ይበሉ። ታስክባሩ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል። የተከፈቱ የፎልደር መስኮቶች ይዘጋሉ፤ ሰነዶችዎና ብራውዘሩ አይነኩም። «ሪስታርት»ን ትተው «ኤንድ ታስክ» ካሉ ታስክባሩ ላይመለስ ይችላል። ያኔ እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ራን ኒው ታስክ» ይበሉና በእንግሊዝኛ ፊደል ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ፣ ኤል፣ ኦ፣ አር፣ ኢ፣ አር ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ።